የእመቤቲቱ ራስ ምታትና የእኔ

ጥቅምት 5

ዝናብ። ልጄን ሄዋንን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ከሠፈራችን ከቡሪየን በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ዩኒቨርሲቲ። መቀመጫ አገኘሁ። ራሴን ትንሽ አሞኛል፤ እንደ ሁልጊዜው።

ለተማሪዎቼ ዛሬ ስለ እመቤቲቱ ነገርኳቸው። እዚህ ማስታወሻ ላይ እመቤቲቱ ነው የምላት። ስሟን ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስጽፈው ስለምውል፣ በአማርኛ ይሄ ይበቃታል።

እንዲህ ነው ያልኳቸው። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የኖረች ባለ ማዕረግ ሴት። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ ሴት አይገባም ነበር። ከልጅነቷ እስከ ሞቷ ራስ ምታት ሲያሠቃያት ኖረ። ያን ጊዜ ሳይንስ ገና የተፈጥሮ ፍልስፍና ነበር የሚባለው። ትልልቆቹ ወንዶች “አካል የሞተ ነገር ነው፤ ካልገፉት የማይንቀሳቀስ፣ እንደ ሰዓት ያለ መሣሪያ” ሲሉ፣ እሷ የታመመ ራሷን ይዛ “አይደለም” አለች። በፍጥረት ውስጥ የሞተ ነገር የለም። ሥጋና መንፈስ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ አንዱ የወፈረ፣ አንዱ የቀጠነ። ከሞተች በኋላ ወዳጆቿ መጽሐፏን አሳተሙላት። ስሟን ግን አላወጡትም። ከዚያ አንድ ስመ ጥር ጀርመናዊ አነበባት። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሰው። የእሱ ትልቁ ሐሳብ የእሷን ይመስላል። በጣም ይመስላል።

“ታዲያ ከእሷ ነው የወሰደው?” አለ አንዱ ልጅ።

“የዶክትሬት ጽሑፌ በሙሉ ይሄንኑ ነው የሚጠይቀው” አልኩት። ሳቁ።

ጥሩ ቀን ነበር።

ጥቅምት 19

ምን ሆንኩ?

ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ማርከር ይዣለሁ። መጀመሪያ ቀኝ ዓይኔ ዳር ላይ የሚብለጨለጭ ነገር መጣ፣ እንደ ተሰበረ መስታወት። ከዚያ ጣቶቼ ደነዘዙ። “አካል” ልል ነበር በእንግሊዝኛ። በቀን መቶ ጊዜ የምለው ቃል። የለም። አፌን ከፈትኩ፣ “ዘ... ዘ... ዘ...” ልጆቹ የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ መሳቅ አቆሙ።

የሚገርመው... በአማርኛ ሁሉም አለ። አካል፣ ገላ፣ ሥጋ፣ ሰውነት። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ። የእንግሊዝኛው ቦታ ግን ባዶ።

በእጄ “ሂዱ” አልኳቸው። አንዷ ውሃ አመጣችልኝ። ቀስ እያለ ተመለሰ። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ፤ እንደዚህ ያለ አሞኝ አያውቅም።

ለባለቤቴ ለእሴይ አልነገርኩትም። “ደክሞኛል” ብዬ ተኛሁ።

ጥቅምት 21

እናቴ በአርባ አንድ ዓመቷ ነው የሞተችው። የተማሪ ፈተና እያረመች “ራሴን” አለች፣ ወንበሩ ላይ ዘንበል አለች፣ አለቀ። ጎረቤት ሁሉ “ቡዳ ነው” ያለው “ግፊት ነው” ያለው... ማንም በትክክል አላወቀም። እኔ በሚቀጥለው ዓመት አርባ አንድ።

ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ኅዳር 3

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ተደብቄ ማለት ነው፣ እሴይ ሥራ ላይ እያለ፤ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ስለ እናቴ ስነግራት መጻፍ አቆመች። ቀና አለች።

“ኤምአርአይ እናስነሳሽ” አለች።

ያ ቀና ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

ኅዳር 12

ቱቦው ውስጥ አስገቡኝ። ፊቴ ላይ እንደ ቅርጫት ያለ ነገር ደፉበት። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መዶሻ። እጄ ላይ የምጨብጠው የጎማ ኳስ አለ፤ “ከፈራሽ ተጫኚው” ብለውኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈርቼ ነበር። አልተጫንኩትም።

እመቤቲቱን አሰብኩ። ሐኪሞች የራስ ቅሏን እንዲከፍቱላት ባሕር ተሻግራ ሄዳ ነበር። በዚያ ዘመን! ያለ ማደንዘዣ! ኋላ ሐኪሞቹ ራሳቸው ፈርተው ተዉት። እኔ ይሄን በሁለተኛው ምዕራፍ የግርጌ ማስታወሻ አድርጌዋለሁ። የግርጌ ማስታወሻ...

ኅዳር 15

ሐኪሟ ኮል አደረገች። ራሷ ናት የደወለችው፣ ነርሷ አይደለችም። ቤተ መጻሕፍት ደረጃው ላይ ነበርኩ።

ራስ ምታቱ ሚግሬን ነው። ቃል የጠፋኝም ከእሱ ሊሆን ይችላል። “ግን ሌላ ነገር አገኘን” አለች። በግራ በኩል አንድ የደም ሥር አብጧል። እንደ ትንሽ ፊኛ። አልፈነዳም።

አልፈነዳም። አልፈነዳም። ባቡሩ ውስጥ ይሄንን ስል መጣሁ። ሰው ገፋ ሲያደርገኝ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ እንደ እንቁላል።

ኅዳር 16

ለእሴይ ነገርኩት። ሄዋን ሻወር ውስጥ ነበረች።

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ትናንት።”

“መቼ ነው የጀመረሽ?”

ሰሃኖቹን ማንሳት ጀመርኩ።

“ሮሚ፣ መቼ?”

“ጥቅምት።”

ተነሳ። መስኮቱ ጋ ቆመ። አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ እያለፈ ነበር፣ እስኪያልፍ ጠበቀ። “ወር ሙሉ ብቻሽን ፈራሽ?” አለ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ኅዳር 22

ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን አሳየን። ግራጫ ቅርንጫፍ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ የመሰለች ነገር። ያቺ ናት።

ምርጫ አለሽ አለ። መጠበቅና በየጊዜው ማየት። ወይ ከፍቶ በክሊፕ መቆለፍ። “የእናትሽ ታሪክ ባይኖር ጠብቂ እልሽ ነበር።” ችግሩ ቦታው ነው። ንግግር የሚወጣበት ሠፈር አጠገብ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቋንቋ ሊቸግር ይችላል። ለሳምንታት። አንዳንዴ ከዚያም በላይ።

“የትኛው ቋንቋ?” አልኩት።

ትንሽ ግራ ተጋባ። “ሁለቱም ሊሆን ይችላል” አለ። “አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።”

መኪና ውስጥ እሴይ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ። “ሶ... አንቺ ምን ትያለሽ?” አለኝ።

ምን እላለሁ? ብከፈት አፌን ላጣ ነው። ባልከፈት አንድ ቀን የተማሪ ወረቀት ሳርም...

ኅዳር 27

አማካሪዬ ካረን ጋ ገባሁ። ደግ ሴት ናት፣ እንባዋ ቅርብ ነው። ዲፌንሱ፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የምከራከርበት ቀን፣ ይራዘም አለች። ጽሑፉ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሻል አለች።

እሱስ ይጠብቃል። እኔ ነኝ መቆየቴን እርግጠኛ ያልሆንኩት።

አራት ዓመት የሠራሁት ነገር አለ። በወረቀት ላይ ያለው ግማሹ ነው። የቀረው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ የትኛው ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ፣ የቱ ጋ ማመን እንደሌለብኝ፣ የቱ ጋ እንደ ጠረጠርኩ። ያቺ ፊኛ አጠገብ ተቀምጧል።

ቀዶ ጥገናው ጥር ውስጥ ነው። ወሰንኩ። ወሰንን።

ታኅሣሥ 4

አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ተዘግቶ ነበር። ዝናብ። እሴይን “አንድ ነገር ላስተምርህ” አልኩት።

“ምን?”

“እመቤቲቱን። በአማርኛ። ከዚያ ስወጣ የረሳሁ እንደሆነ... አንድ ሰው ይወቀው።”

አየኝ። “እኔ?” አለ። “ኬሚስትሪ እንኳን በሁለተኛው ነው ያለፍኩት።”

“አንተ።”

ጀመርኩ። ሥጋና መንፈስ እንዴት አንድ ዓይነት እንደሆኑ። ፈጽመው የተለያዩ ቢሆኑ እንዴት ይነካካሉ? እጄ ሲቆረጥ ነፍሴን ለምን ያማታል? ይሄ ነው ጥያቄዋ። እሴይ ዝም ብሎ ሰማና፦

“እና ድንጋይ ነፍስ አለው ነው የምትለው?”

“ሕይወት አለው ነው። በጣም የተኛ።”

“ኦኬ። ሰውዬውስ? ጀርመኑ። ሰረቃት?”

“አልሰረቃትም። ከወዳጇ ሰምቶ፣ ስሟን ጠርቶ፣ የእኔ ሐሳብ ለእሷ ይቀርባል ብሎ ጽፏል። የረሷት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። እሱን ሲያስተምሩ እሷን ዘለሏት።”

“ለምን?”

“ምክንያቱም አንድ መጽሐፍ ብቻ፣ እሱም ስሟ የሌለበት። ሴት። በሽተኛ።”

ከኋላችን ያለው ሰው ክላክስ ነፋ። መንገዱ ተከፍቶ ኖሯል።

ታኅሣሥ 18

እሴይ ልብስ እያጠፈ “ፍጥረት ይለዋወጣል፣ ግን አንዱ ሰው ሌላ ሰው አይሆንም” አለ፣ ለራሱ። እያጠና ነው። ሳቅኩ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 30

ገና ትናንት አለፈ። ሄዋን ቴሌቪዥኑን ሳትዘጋ፣ ፊቷን ሳታዞር፦

“ማሚ፣ አር ዩ ጎና ዳይ?”

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልሞት እንደምችል ማን ነገራት? አልነገርናትም። የሰው ፊት ታነባለች።

“ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው” ልል ነበር። አላልኩም። “እኔም ፈርቻለሁ” አልኳት።

“ሚ ቱ” አለች። መጥታ ጉያዬ ገባች። ጭንቅላቴን እንዳትነካ ተጠንቅቃ።

ጥር 12

ነገ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ከኦበርን በልጃቸው መኪና መጡ፣ ጸበል ይዘው። እናቴን ያውቋት ነበር፤ አንድ ሠፈር ነው ያደግነው።

“እናትሽ ፈሪ አልነበረችም” አሉኝ።

“እኔ ነኝ፣ እትዬ። በጣም ፈርቻለሁ።”

“ፍሪ። ማን ከለከለሽ? ፈርተሽ ግቢ።”

እጃቸው ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ካረን ጠዋት ደወለች። እሴይ ትናንት የእመቤቲቱን ሐሳብ ሙሉውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረኝ። ሁለት ቦታ ተሳስቷል፤ አረምኩት። ሦስተኛውን ተውኩለት፤ ደክሞኝ።

ስሜን እጽፋለሁ። ሮማነወርቅ። እንዲህ ነው የሚጻፈው።

የካቲት 3

ጻፍኩ። ይሄው።

ውሃ። መስኮት። ሄዋን። እሴይ። ዝናብ።

የእመቤቲቱ ስም የለም። አለች። ፊቷ ሳይኖራት አለች። ስም የለም።

የካቲት 5

መናገር አልችልም። ማለቴ... እሰማለሁ። ሁሉ ይገባኛል። አፍ ላይ ሲደርስ ይበተናል። “አዎ” እና “ውሃ” ብቻ። እሴይ “ቀስ በይ” ይላል። ቀስ ስል ጭራሽ ይጠፋል።

ሁሌ እንዲህ ብሆንስ? ሄዋን እንዲህ የሆነች እናት ይዛ...

ደከመኝ።

የካቲት 11

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አለብኝ። ረጅም ነው፣ ቀስ ብዬ።

ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁ መጡ። አቶ በዛብህና ባለቤታቸው፣ እትዬ ጥሩነሽም። ሶፋው ላይ ተኝቻለሁ፣ ሻሽ አስሬ። ሰዎቹ የታመመ ሰው ፊት እንደሚደረገው ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ ያወራሉ። ከዚያ አቶ በዛብህ ወደ እሴይ ዞረው፦

“ለመሆኑ እሷ ምን ነበር የምታጠናው?”

ነበር። ሰማሁት። ነበር!

እሴይ ጉሮሮውን ጠረገ። “አንዲት የእንግሊዝ ሴት ናት” አለ። ደህና ጀመረ። የሞተ ነገር የለም አለ፣ ሥጋና መንፈስ አለ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ። ከዚያ፦

“በአጭሩ፣ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ነው ነው የምትለው።”

አቶ በዛብህ አማተቡ። “ምንድን ነው ይሄ?” አሉ።

አይደለም! ያቺ ሦስተኛዋ ስሕተት! ሴትዮዋ ዕድሜዋን በሙሉ የተከራከረችው ይሄ እንዳይባል ነው። አሁን እንደገና በእኔ ሳሎን፣ በእኔ ባል አፍ... ደሜ ፈላ። ፍርሃቱ የት እንደገባ አላውቅም።

“አ...ይ...ደለም” አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

“እሱ... ሌላ። ፍጥረት... ሌላ። ፍጥረት ይለ... ይለዋወጣል። እሱ... አይለወጥም። አንተ... ደንቆሮ!”

እሴይ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቀረ። የሚስቅ መሰለኝ። እያለቀሰ ነበር።

“ደንቆሮ ነኝ” አለ። “ደንቆሮ ነኝ፣ ሮሚዬ። ቀጥዪ።”

እትዬ ጥሩነሽ እልል ሊሉ አስበው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ራሴን እንዳያመኝ ነው።

መጋቢት 6

አማርኛዬ ወደ ቤቱ እየገባ ነው። እንግሊዝኛው ደጅ ቆሟል። የንግግር አሠልጣኟ ሥዕል ታሳየኛለች፤ ማንኪያ፣ ጃንጥላ፣ ደረጃ። የስድስተኛ ክፍል ያህል እንኳ አልደረስኩም። ሄዋን አጠገቤ ተቀምጣ ትረዳኛለች፤ “ማሚ፣ ሴይ ኢት ዊዝ ሚ።” እኔ ለእሷ አማርኛ፣ እሷ ለእኔ እንግሊዝኛ።

የእመቤቲቱ ስም ማክሰኞ ዕለት ሰሃን ሳጥብ መጣ። ሁለቱም፣ የራሷም የአባቷም። ጮክ ብዬ ጠራኋት።

መጋቢት 19

የራሴን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድ ገጽ አንድ ገጽ።

አራተኛው ምዕራፍ ስለ ስቃይ ነው። እመቤቲቱ ስቃይ ያጠራል ትላለች። ማንኛውም ሕመም መጨረሻው ወደ መልካም ይመልሳል፣ ለከንቱ የሚታመም ፍጥረት የለም። እኔ ያንን በሚያምር ዓረፍተ ነገር አብራርቼዋለሁ። እንዴት እንደተስማማሁ! ጀርመናዊው እንኳ ከዚህ ተምሯል እያልኩ።

ዛሬ ሳነበው ተናደድኩ። የካቲት ውስጥ ሶፋው ላይ ተጋድሜ “ውሃ” ብቻ ስል ምኔ ነው የጠራው? እናቴ ወንበሩ ላይ ዘንበል ስትል ምን ተመለሰ ወደ መልካም? ጽሑፉን ዘጋሁት።

እሷ በሕይወቷ ሙሉ የታመመች ናት። ልናደድባት መብት አለኝ?

መጋቢት 20

አለኝ።

ሚያዝያ 8

ካረን ጋ። አዲሱን አራተኛ ምዕራፍ አነበበች። ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣

“እርግጠኛ ነሽ? ማንም አያውቃትም ገና። ለማስታወቅ ነው የምንሠራው። አንቺ ደግሞ እዚህ ላይ ተሳስታለች ትያለሽ።”

ቃሉ እስኪመጣ ጠበቅኩ። አሁን እንዲህ ነኝ፤ ሰው ፊት ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ድሮ ቢሆን በላብ እጠመቅ ነበር። አሁንም ላቡ አለ።

“አራት ዓመት” አልኳት፣ “ታላቅ ናት ለማለት ጀርመናዊውን ምስክር ጠራሁ። እሱ ወስዷል፣ ስለዚህ ታላቅ ናት። ማንም ግን... ማንም እሷን አልተከራከራትም። እሱን ይከራከሩታል። መጽሐፍ ይጽፉበታል፣ ተሳስቷል እያሉ። ለእሷ ግን ያዝኑላታል።”

ካረን መነጽሯን አወለቀች። “ምስክሩን ወዴት ወሰድሽው?”

“ወደ መጨረሻው ምዕራፍ።”

ሐኪሙ ደግሞ ክሊፑ ቦታው ላይ ነው አለ። ሚግሬኑ ይቀራል ብለሽ አትጠብቂ አለ።

ግንቦት 26

ነገ ዲፌንስ። እንግሊዝኛው ቢጠፋስ? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት “ዘ... ዘ...” ብልስ?

ፈርቼ እገባለሁ። ሌላ ምን አለ።

ግንቦት 27

እጽፈዋለሁ፣ ትኩሱን።

ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ፈታኞቹ አራት። እሴይ ጥግ ላይ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገዝቶት በነበረው ሱፍ። ሄዋን ትምህርት ቀርታ። የመጀመሪያው ግማሽ ሄደ። አንዴ “ተፅዕኖ” የሚለው በእንግሊዝኛ ጠፋኝ፤ ከሁሉም ቃል እሱ! ቆምኩ። መጣ። ቀጠልኩ።

ከዚያ አንዱ ፈታኝ፣ ሸምገል ያሉ፣ ስለ ጀርመናዊው ብዙ የጻፉ ሰው፦

“ስለ ተፅዕኖዋ ያቀረብሽው አሳማኝ ነው። ግን አራተኛው ምዕራፍ ገረመኝ። በዚህ ሁሉ ድካም ከተረሳችበት አውጥተሻት፣ እዚህ ላይ ስቃይን በሚመለከት ትጥያታለሽ። አንብባው ቢሆን ምን የምትመልስልሽ ይመስልሻል?”

እውነቱን ለመናገር ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ድሮ ቢሆን አንድ ያማረ ነገር ፈጥሬ እል ነበር።

“አላውቅም” አልኩ። “ግን ትመልስልኝ ነበር። ዝም የምትል ሴት አይደለችም።”

ሰውየው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። “ሌላ ጥያቄ የለኝም” አሉ።

ወደ ኮሪደር አስወጡን፣ እስኪወስኑ። ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። እሴይ ሮጦ መጣ፣ ሄዋን ቀሚሴን ያዘች።

“እንዴት ነው? ራስሽን ነው?”

“አይደለም። ደህና ነኝ።”

“ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ? ምን ነበር መጨረሻ ላይ የተባለው? ተጣላችሁ እንዴ?”

“ተጣላን” አልኩት።

“ከሽማግሌው ጋር?”

“ከእመቤቲቱ ጋር።”

በሩ ተከፈተ። ካረን እንባዋን እየጠረገች፣ በሙሉ ስሜ፣ ሳትሳሳት፣ “ዶክተር ሮማነወርቅ” ብላ ጠራችኝ።